ያልነቀልኩት ሶኬት

መካነ ሰላም ውስጥ አንድ ቢሮ አለ፤ በደጁ ሳልፍ ዛሬም ፊቴን አዞራለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ቂም እንደማያምርብኝ የንስሐ አባቴ ነግረውኛል። እውነታቸውን ነው። ግን እሳቸው እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ አራት ቀን አልተቀመጡም።

እኔ አንድ ቦታ የምረጋ ሴት አይደለሁም። አንዱ ልጄ አቀስታ፣ አንዷ ወግዲ፣ አንዷ ደጎሎ ነው የሚኖሩት፤ አንዱ ጋ ሳምንት ከቆየሁ እግሬን ይበላኛል። ሚኒባስ ካገኘሁ በሚኒባስ፣ ካጣሁ በእግሬ እሄዳለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደሉን ያገኘሁት አባቴ በደብሩ ግቢ ወንዶቹን ሲያስቆጥር፣ እኔ ከአጥሩ ወዲህ ገብስ እየፈተግኩ፣ በጆሮዬ ነው። ቅርጹን ደግሞ አመድ ላይ በጣቴ ተለማመድኩት። ስሜን መጻፍ መቻሌን እንደ ትልቅ ነገር እቆጥረው ነበር። አሁን አልቆጥረውም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ ላይ ታገኙታላችሁ።

አራተኛዋ ልጄ፣ የመጨረሻዋ፣ ዓረብ አገር ነበረች።

ጊዜው ሞባይል ገጠሩን ያዳረሰበት፣ በየቢሮው ግድግዳ «ተገልጋይ ንጉሥ ነው» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ዘመን ነው። ቅዳሜ ከወግዲ መጥቼ መካነ ሰላም ገባሁ፤ ማረፊያዬ የእህቴ ልጅ ቤት ነበር። ሞባይሌ መንገድ ላይ ሞቶብኛል። ልጄ የምትደውለው ቀን ስለማይታወቅ ሞባይል ሲዘጋብኝ ሆዴ አብሮ ይዘጋል። ከተማው ደግሞ መብራት የለውም፤ በዚያ ሰሞን ቅዳሜን ለይተው የሚያጠፉት ይመስል ነበር።

ገበያ ላይ ያገኘኋት አንዲት ሴት፣ «ወረዳው ቢሮ ሂጂ፣ ዘበኛው ይሰካልሻል» አለችኝ። የነዋሪው መዝገብ ያለበት ኮምፒውተር፣ እኛ ማሽን የምንለው፣ የተቀመጠበት ክፍል ባትሪ ስላለው መብራት ቢጠፋም ሶኬቱ አይሞትም ነበር። ሄድኩ። ቢሮው ዝግ ነው፤ ዘበኛው ብቻ አለ። አርባውን ያለፈ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ፂሙን ሒና የነካው ሰው ነው።

«ይምጡ እማማ፣ አምጡት» አለኝ። «አንቱ ግን እዚሁ ደጃፉ ላይ ይቁሙ። ውስጡን ለሰው አይፈቅዱም።»

ከመድረኩ አላለፍኩም። በደጃፉ አሻግሬ ሳይ፣ ትልቁ ማሽን እያጉረመረመ ነው፤ ከጎኑ አንዲት ትንሽ ጥቁር ሳጥን አረንጓዴ ዓይኗን ታርገበግባለች። ሶኬቱ ሞልቶ ነበርና ዘበኛው የትንሿን ሳጥን ገመድ መዘዝ አድርጎ የኔን ሰካ። አረንጓዴዋ ዓይን ጠፋች።

«ምንም አያመጣም?» አልኩት።

«ምን ያመጣል? ኃላፊው ራሱ እዚች ላይ ነው የሚሰካው» ብሎ ሳቀ።

ከኋላዬ ሌሎች ሰዎች ሞባይላቸውን ይዘው ቆመዋል። ለሁሉም ሰካላቸው። ከማንም ምንም አልተቀበለም፤ «ዱዓ አድርጉልኝ» ነው የሚለው።

ሰኞ ረፋድ ላይ ልጄ ደወለች። ድምፅዋ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

«እማዬ፣ ስልኩ የሰው ነው፣ ዝም ብለሽ ስሚኝ። አሠሪዬ ፓስፖርቴን ከልክላኝ ከቤቷ ወጥቻለሁ። አሁን ያለሁት ወደ አገር የሚመለሱ ሰዎች የሚጠበቁበት ቦታ ነው። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ የት እንደተመዘገብኩ ከወረዳው ተጽፎ በፋክስ ካልመጣ ስሜን ከዝርዝሩ አያስገቡትም። እስከ ሐሙስ ነው።»

«ከሐሙስ በኋላስ?»

«ከሐሙስ በኋላ የቀረነውን ወደ እስር ቤት ነው የሚወስዱን። መቼ እንደምንወጣ የሚያውቅ የለም። እማዬ፣ እስከ ሐሙስ...» ተቋረጠ።

ወዲያው በመልእክት የገባውን የፋክስ ቁጥር የእህቴ ልጅ ወረቀት ላይ ጽፋልኝ ነጠላዬን እንኳ በደንብ ሳልከናነብ ቢሮው ደረስኩ። መዝጋቢዋ ገና ወጣት ሴት ናት፤ ፊቷ ግን ከጠዋት ጀምሮ ስድብ ሲወርድበት የዋለ ፊት ነው።

«ማሽኑ አይከፍትም» አለችኝ ቀና ሳትል። «ነገ።»

ነገም አልከፈተም። አግዳሚው ወንበር ሞልቶ ሰው ወለሉ ላይ ተቀምጧል። አንዱ መታወቂያ፣ አንዱ የልደት ወረቀት፣ አንዱ የነዋሪነት ማስረጃ ይፈልጋል። ሰው ሲቆጣ ጎረቤቱንም አይምርም፤ «ወረፋዬን ወሰድክ»፣ «አንተ ማነህ»፣ «ዘወር በል» እየተባባሉ ኮሪደሩ ላይ ይተናነቃሉ።

«ማሽኑ አይደለም የታመመው፣ እናንተ ናችሁ!» አለ አንድ ነጋዴ።

«ታዲያ ሐኪም ቤት ውሰደና!» አለችው መዝጋቢዋ።

ኃላፊው ከክፍሉ ወጣ። ወፍራም አይደለም፣ ቀጭን አይደለም፤ ከሱ የማስታውሰው ቁልፉን ጣቱ ላይ ማሽከርከሩን ነው። ተነስቼ እጅ ነሳሁና የልጄን ነገር ነገርኩት። ሳልጨርስ፣

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽን ማን ሂጂ አላት?» አለኝ። ከልጅነቴ፣ ከአባቴ ወዲህ በዚያ ዓይነት «አንቺ» ብሎ የጠራኝ ወንድ የለም። «ስትሄድ ወረዳው ይወቀኝ ብላለች? አሁን ሲጠብባት ወረዳው ትዝ አላት?»

«ከመሄዷ በፊት እዚሁ ተመዝግባ መታወቂያ አውጥታለች፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ቁጭ በይ። ቢሮውን ቤትሽ አድርገሽው የለ።»

ቁጭ አልኩ። ማልቀስ እችል ነበር፤ እሱ ፊት ግን እምባዬን ነፈግኩት። ዘበኛው ሲወጣ ሲገባ አየኝና የሱን ጋቢ አጥፎ ከሥሬ አነጠፈልኝ፤ ወንበሩ ብረት ነው፣ የመካነ ሰላም ብርድ ደግሞ ከታች ነው የሚገባው። ከኪሱም ቆሎ ዘገነልኝ። «አላህ አለ፣ እማማ» አለኝ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ በእነዚያ ቀናት የሰማሁት ደግ ቃል እሱ ብቻ ነው።

ረቡዕ ከደሴ ባለሙያ መጣ። ወጣት ነው፤ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ፣ መንገዱ ያንገላታው ገና ከፊቱ አልወረደም። ማሽኑ ያለበት ክፍል ከአግዳሚው ፊት ለፊት ስለሆነና በሩን ስለሙቀቱ ከፍተው ስለሚሠሩ ሁሉንም ሰማሁ።

«ዋናው ክፍሉ ሞልቷል» አለ ገና ከመቀመጡ። «መቶ በመቶ። አንዲት ፊደል የሚጽፍበት ቦታ የለውም፤ መዝገቡ አልከፈትም የሚለው ለዚያ ነው።»

«ምን ሞላበት?» አለ ኃላፊው። «እኛ ስም ነው የምናስገባው። ስም ይሄን ያህል ያጠግባል?»

«እሱን እናንተ ንገሩኝ እንጂ።»

ባለሙያው ሲበረብር የሠርግ ቪዲዮ አገኘ። የመዝጋቢዋ እህት ሠርግ ነው። ኃላፊው ቁልፉን ማሽከርከሩን ተወ።

«ሠርግ! የሕዝብ መዝገብ ላይ ሠርግ!»

«ሙሽራዋን እንኳ አሳዩን፣ ሦስት ቀን ስንጠብቅ!» አለ ነጋዴው ከወረፋው። ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ጥርስ ያለው ሳቅ ነው።

መዝጋቢዋ ፊቷ ቀላ። «የእርስዎም ልጅ ክርስትና ከሠርጉ አጠገብ ነው ያለው፣ ኃላፊ። እሱንም ይፈልጉታ!»

ኃላፊው ሳል መጣበት። ባለሙያው ሠርጉንም ክርስትናውንም አጠፋቸው። ቦታው ግን ጠብ አላለም። ማሽኑ የዋለበትን ራሱ የሚጽፍበት ማስታወሻ አለው አሉ፤ እሱንም ባዶ አደረገው። ለአፍታ ትንሽ ከፈት አለና ተመልሶ ሞላ። ደሴ ያለ ሰው ጋ ደወለ፣ ተጨቃጨቀ፣ ዘጋ። ከሰዓት በኋላ ላይ ባለሙያው ራሱን በሁለት እጁ ይዞ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦

«እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ መዘንኩት። አንድ ላይ ቢደመር ግማሹን አይሞላም። ማሽኑ ግን ሙሉ ነኝ ይላል። የቀረው የት ገባ?»

«ባለሙያው አንተ፣ የምትጠይቀው እኛን!» አለው ኃላፊው። እሱም «ከሌለበት ከየት ላምጣው?» አለ። እንደዚያ እየተናከሱ ቢሮው ተዘጋ።

ሐሙስ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ኃላፊው መጣና ቆሞ ትእዛዝ ሰጠ።

«አሮጌውን መዝገብ ደምስሰው። የቅርቡ ከተረፈ ይበቃል። ሕዝቡ በላያችን ላይ ነው፤ ዛሬ መከፈት አለበት።»

«አሮጌው ወረቀቱ አለ?» አለ ባለሙያው።

«ወረቀቱን አይጥ ጨርሶታል» አለች መዝጋቢዋ። «ያ ከጠፋ የነዚያ ሰዎች ማንነት ሌላ ቦታ የለም።»

«የሚፈልግ መጥቶ እንደገና ይመዝገብ!»

ልጄ አሮጌው ውስጥ ነች። መጥታ እንደገና ልትመዘገብ አትችልም። በዚያች ቅጽበት ምን ትዝ እንዳለኝ ልንገራችሁ፤ የአማቴ ጎታ።

ሙሽራ ሆኜ በገባሁበት ቤት ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጎታ ነበር። በአፉ ላይ እንቅብ ይቀመጣል፤ የሚበላው ከጎታው፣ የዘር ገብሱ ከእንቅቡ፣ እንዳይቀላቀል። አንድ ቀን እንቅቡን አውርጄ እበት ለቀለቅኩትና ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። የባሌ ወንድም ስልቻውን ተሸክሞ ገባ፤ ጓዳው ጨለማ ነው፣ ሰውየው ደግሞ እጁ የለመደውን ነው የሚያደርገው። የዘሩን ገብስ እንቅቡ ያለ መስሎት ጎታው አፍ ውስጥ ዘርግፎ ወጣ። እኔ እንቅቡ ሲደርቅ ቦታው መለስኩት። አማቴ መጥታ ስታየው ባዶ ነው። «ዘር ሌባ!» አለችኝ። ፀጉሬን ይዛ ከጎረቤት ፊት አወጣችኝ። ሳምንት ሙሉ እንቅቡን አሥር ጊዜ አዩት፤ ከእንቅቡ ሥር ያየ ሰው አልነበረም።

ተነሳሁና እስከ ደጃፉ ሄድኩ። አልገባሁም።

«የኔ ልጅ፣ ያቺ ትንሿ ሳጥን ሥራዋ ምንድን ነው?» አልኩት ባለሙያውን።

«እማማ፣ እባክዎ ይተዉኝ።»

«ንገረኝ።»

«የመዝገቡ ቅጂ በየቀኑ እሷ ላይ ይገለበጣል። በቃ?»

«በሚገለበጥበት ሰዓት እሷ ባትኖርስ? ቅጂው የት ይወድቃል?»

ኃላፊው፣ «ይቺን ሴትዮ አስወጡልኝ» አለ። ባለሙያው ግን ጣቶቹ በአየር ላይ ቀሩ።

«እ... እሷ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ» አለ ቀስ ብሎ። «ዋናው ላይ ማለት ነው። ከዚያ ስትመለስ ላዩ ላይ ትቀመጥበታለች። ብፈልገው አላየውም...» ዞሮ ሁሉንም አየ። «ይቺን ሳጥን የነቀላት ሰው አለ?»

መዝጋቢዋ ወለሉን ታያለች። ኃላፊው ግድግዳውን ያያል። ዘበኛው ዱላውን ይዞ ከኮሪደሩ ጥግ ቆሟል፤ ዓይኑ ከዓይኔ ገጠመ። በጣም በጥቂቱ፣ ሌላ ሰው በማያየው ልክ፣ ራሱን ነቀነቀ። አትናገሪ ነው። ቤቱ አምስት ልጆች እንዳሉ ነግሮኛል።

ያንን ጊዜ ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። እኔ ባልቴት ነኝ፣ ያልተማርኩ ነኝ፤ ቢሰድቡኝ ነው፣ ስድባቸውን ደግሞ ለምጄዋለሁ። ስለዚህ፣

«እኔ ነኝ የነቀልኳት» አልኩ። «ቅዳሜ። ሞባይሌን ልሰካ ብዬ።»

ባለሙያው ተጨማሪ አልጠበቀም። ሳጥኗን ከማሽኑ አላቀቃትና ያቺ የምትቀመጥበትን ቦታ ገለጠ። «ይኸው!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ግን ግንባሩን ቋጠረ። «ይሄ የአንድ ቅዳሜ አይደለም። የቅዳሜና የእሁድ ቅጂ ብቻ ነው የተከመረው፤ ስንትና ስንት ቅዳሜ!»

በነዚያ ቅዳሜዎች እኔ አንዴ ወግዲ፣ አንዴ አቀስታ፣ አንዴ መንገድ ላይ ነበርኩ።

ያንን ክምር ጠራርጎ ማሽኑን አጥፍቶ አስነሳው። መዝገቡ ተከፈተ። ወረፋው እልል ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ መገፋፋት ነው የጀመረው። መዝጋቢዋ ግን የሁሉንም እጅ ገፍታ መጀመሪያ የልጄን ስም ፈለገችልኝ። አገኘችው። ስሟ አለ፣ የአባቷ አለ፣ የኔም አለ። ደብዳቤው ታተመ። የቀረው ፊርማና ማኅተም ነው። ስድስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ኃላፊው ወረቀቱን ይዞ ወደ ክፍሉ አስገባኝና በሩን ዘጋ።

«እፈርምልሻለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር አለን። ቅዳሜ ቢሮ ዝግ ነው። ማን አስገባሽ?»

የዋሸሁት ውሸት ምን ያህል ክፉ እንደሆነ የገባኝ እዚያ ነው።

«አልገባሁም፣ ጌታዬ። ደጃፉ ላይ ነው የቆምኩት። ሰው ሰክቶልኝ ነው።»

«አሁን ደግሞ ተገለበጥሽ። ሁሉም ፊት 'እኔ ነኝ' አልሽ። ባለሙያው ሰምቷል፣ ወረፋው ሰምቷል። የመንግሥት ማሽን ክፍል የውጭ ሰው በየቅዳሜው ሲገባ ኖሯል ማለት ነው። ይሄ ከበላይ ቢመጣ የሚጠየቀው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ አልጠየቅም።» በራሱ እጅ አንድ ወረቀት ላይ ጻፈና ገፋልኝ። «ስምሽን መጻፍ ትችያለሽ? ካልቻልሽ አውራ ጣትሽን።»

አነበብኩት። ዘበኛው በተደጋጋሚ እንዳስገባኝ ይላል።

«እውነት አይደለም» አልኩት። «የሚሰኩት ሁላችሁም ናችሁ።»

የልጄን ደብዳቤ ወደ ራሱ ሳበውና መሳቢያው አፍ ላይ አስቀመጠው። ሰዓቱን አየ። «ምሳ ሰዓት ደርሷል። ስመለስ ወረፋሽን ጠብቀሽ ትመጫለሽ።»

ልጄ የሰው ስልክ ይዛ፣ ድምፅዋ ከጉድጓድ ሲወጣ ሰማሁት። ስክሪብቶውን አነሳሁ። አመድ ላይ በተማርኩት ፊደል፣ አንድ በአንድ፣ ሙሉ ስሜን ጻፍኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ። እሱም ፈረመ፣ ማኅተሙን መታ።

ስወጣ ዘበኛው በሩን ከፈተልኝ። «ተሳካ፣ እማማ?» አለኝ። ፊቱ ላይ ደስታ ነበር። «ተሳካ» አልኩትና አለፍኩት። ፋክስ ያለበት ሱቅ እስክደርስ ሮጥኩ፤ እንደዚያ የሮጥኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ወረቀቱ ገባ፣ ማሽኑ አንጎራጎረ፣ ባለሱቁ «ደርሷል» አለኝ።

ልጄ በወሩ ገባች። ከስታ፣ በአንድ ትንሽ ሻንጣ። አቅፋኝ ስታለቅስ እኔ ስለሌላ ነገር አስባለሁ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ከመምጣቷ በፊት የቢሮው ሰዎች ግምገማ ተቀምጠው ነበር። ወረቀቴን ዘበኛው ላይ ጮክ ብለው አነበቡበት አሉ። መዝጋቢዋ መንገድ ላይ አግኝታኝ ቆም አለች።

«እማማ፣ ለምን እንደዚያ አሉ? ነቀለ ብቻ ቢባል ኖሮ ተግሣጽ ነው፤ ሁላችንም እንሰካ የለ? የውጭ ሰው አስገባ ሲባል ነው ያባረሩት።»

«አንቺስ ያን ጊዜ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

መንገዷን ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ስንገናኝ ሰላምታችን ከከንፈር አያልፍም።

ልጄ ከመጣች በሁለተኛው ሳምንት ወደ ዘበኛው ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ፣ እውነቱን ኃላፊው ፊት ደግሜ ልናገር እንደምችል ልነግረው። ምን እንደምለው መንገዱን ሁሉ ስሰናዳ ነበር። ሚስቱ ደጃፉ ላይ እንጨት ትፈልጣለች፤ የሱን ሥራ ነው የያዘችው። አየችኝ። መጥረቢያውን አላስቀመጠችም። በኛ አገር ደጃፍ የደረሰን ሰው፣ ጠላትም ይሁን፣ «ግቡ» ሳይሉት አይቆይም። እሷ አላለችም።

«ልጅዎ መጣችልዎ?» አለችኝ።

«መጣች።»

«እንኳን መጣችልዎ።» እንደገና እንጨቱን መታች።

ከውስጥ የሱ ድምፅ መጣ። «ማነው? ሰው መጥቷል?»

እኔን እያየች፣ ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል፣ «ማንም የለም» አለችው።

ድምፄን ከፍ አድርጌ ብጠራው ይወጣ ነበር፤ የሱን ጠባይ አውቀዋለሁ፣ ይወጣና «እማማ» ይለኝ ነበር። ያንን ነው የፈራሁት። ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ወግዲ የሚወስደውን መንገድ ያዝኩ። ሞባይሌ ተራራው ላይ ስደርስ ሞተ። እንደሞተ ተውኩት።